አክሲዮንን ለሕዝብ ማቅረብ፦ የቃሉ ትርጉምና የግዴታው ታሪክ

አንድ ኩባንያ «አክሲዮኑን ለሕዝብ አቀረበ» ሲባል፣ በጥቂት መሥራቾች እጅ የነበረውን የባለቤትነት ድርሻ ለማንኛውም ገዢ በይፋ ለሽያጭ አወጣ ማለት ነው። ይሁን እንጂ አነጋገሩ ከሽያጩ ጋር የሚወለደውን ግዴታ አይገልጥም። ይኸውም የሕዝብን ገንዘብ የተቀበለ ሁሉ ለሕዝብ ሒሳብ የማሳየት ዕዳ ያለበት መሆኑ ነው።

ይህ ግዴታ በቀላሉ የተገኘ አለመሆኑን የሆላንድ የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ ታሪክ ያስረዳል። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ1602 በመንግሥት ቻርተር ሲቋቋም፣ ማንኛውም የአገሩ ነዋሪ ጥቂትም ሆነ ብዙ የፈቀደውን ያህል ገንዘብ እንዲያዋጣ ተፈቀደለት። በአምስተርዳም ብቻ ከ1,100 የሚበልጡ ሰዎች ተመዘገቡ፤ ከታላላቆቹ ነጋዴዎች ጎን 100 ጊልደር ያስመዘገበች አንዲት የቤት ሠራተኛም ነበረች። ከስድስቱ የኩባንያው ቅርንጫፎች የተሰበሰበው ካፒታል በጠቅላላው ከ6.4 ሚሊዮን ጊልደር በላይ ሆነ።

ቻርተሩ ከ10 ዓመት በኋላ ጠቅላላ ሒሳብ በይፋ እንዲቀርብ፣ የፈለገም ገንዘቡን አውጥቶ እንዲሰናበት ያዝ ነበር። ጊዜው በ1612 ሲደርስ ግን ድንጋጌው በመንግሥት ፈቃድ ሳይፈጸም ታለፈ። ለባለ አክሲዮኑ የቀረለት መውጫ ድርሻውን ለሌላ ሰው መሸጥ ብቻ ሆነ፤ የአምስተርዳም የአክሲዮን ገበያ እንዲስፋፋ ከረዱት ምክንያቶች አንዱም ይኸው ነው። በ1622 ባለ አክሲዮኖች ሒሳብ የተነፈጉ መሆናቸውን በታተሙ ጽሑፎች አሰሙ። ከዚያ በኋላ የታደሰው ቻርተር ለዋና ዋናዎቹ ባለድርሻዎች ሒሳቡን የመመርመር መብት ሲሰጥ፣ እንደዚያች ሠራተኛ ያሉት ግን ከመብቱ ውጭ ቀሩ።

«አክሲዮን» የምንለው የፈረንሳይኛ ቃልም ይህን የንግድ ትርጉሙን ያገኘው ከደችኛ ሲሆን፣ በዚያ ቋንቋ ቃሉ በሕግ የመጠየቅ መብትን ያመለክት ነበር። ይህን መብት ለትንሹም ባለድርሻ ለማዳረስ ሌሎች ሕጎች አስፈልገዋል። የእንግሊዝ የ1844 ሕግ የኩባንያዎችን የሽያጭ መግለጫ በመዝገብ እንዲያዝ አዘዘ፤ የአሜሪካ የ1933 ሕግ ደግሞ ከሽያጭ በፊት ሙሉ መረጃ እንዲገለጥ አስገደደ። በአገራችንም የ1952 ዓ.ም. የንግድ ሕግ ከሕዝብ ገንዘብ ለሚሰበስቡ አክሲዮን ማኅበራት መግለጫ እንዲዘጋጅ ደንግጎ ነበር፤ በ2013 ዓ.ም. የወጣው የካፒታል ገበያ አዋጅም ጉዳዩን በተቆጣጣሪ ባለሥልጣን ሥር አድርጎታል።

እንግዲህ የሒሳብ ባለሙያ በመግለጫው ላይ ከመፈረሙ በፊት፣ ድርሻው ከሁሉ ያነሰው ገዢ ሊያውቀው የሚገባው ነገር ሁሉ መጻፉን ማረጋገጥ ይኖርበታል።