የልብ ሕሙማን ከአልጋ የተነሡበት ታሪክ

በዐቢይ ጾም አራተኛ ሳምንት፥ መፃጉዕ በሚባለው ሰንበት፥ 38 ዓመት የታመመው ድውይ አልጋውን ተሸክሞ የሄደበት ወንጌል ሲነበብ እየሰማን፥ ወደ ቤት ስንመለስ ግን ልቡ የደከመ ዘመዳችንን «አትነሣ፥ ሁሉንም እኛ እናቀርብልሃለን» ብለን ከአልጋው ጋር ማቆየት ፍቅር ይመስለናል። እንዲህ ያለው ፍቅር በሕክምናው ዓለምም ለብዙ ዘመን ሕግ ሆኖ ኖሯል።

የሚያሳዝነው፥ ከዚያ አስቀድሞ የእንቅስቃሴን ጥቅም የተረዱ ሊቃውንት መኖራቸው ነው። የደብሊኑ ሐኪም ዊሊያም ስቶክስ በ1854 (በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው፤ ከዚህ በታች ያለውም እንዲሁ) ባሳተመው መጽሐፍ ለልብ ሕሙማን በልክ መራመድን መክሯል። ነገር ግን በሃያኛው ምእት ዓመት መጀመሪያ የልብ ደም ሥር መዘጋት በግልጥ ከታወቀ በኋላ ፍርሃት ነገሠ፤ የቆሰለው ልብ እስኪጠግግ እየተባለም ሕሙሙ እስከ 6 ሳምንት ድረስ እንዲተኛ ይታዘዝ ጀመር። የዚህ ሥርዓት ጠባቂ ነርሷ ነበረች፤ ታጎርሰዋለች፥ ገላውን ታጥበዋለች፥ ያለ እርሷ እጅ ከጎን ወደ ጎን እንኳ አይገላበጥም፤ ትጋቷም የሚመሰገነው እርሱ ባልተንቀሳቀሰ መጠን ነበር። በዚህ መካከል ግን ጡንቻው ይመነምን፥ በእግሩም ደም ይረጋ፥ የረጋውም አንዳንድ ጊዜ ወደ ሳንባ ሄዶ ይገድል ነበር።

በቦስተን፥ በፒተር ቤንት ብሪገም ሆስፒታል፥ ሳሙኤል ሌቪን የተባለ ሐኪም መተኛት ራሱ የልብ ሕሙማንን እንደሚጎዳ በ1944 ጻፈ፤ በ1952ም ከባልደረባው ከበርናርድ ላውን ጋር 81 ሕሙማንን በባለ መደገፊያ ወንበር እያስቀመጡ ያገኙትን ውጤት ገለጡ። ሰው እግሩን አውርዶ ሲቀመጥ ደም ወደ እግሩ ያዘነብላል፥ ሳንባው ይቀልለዋል፥ ትንፋሽ ያገኛል። መቀመጥ መራመድ አይደለም፤ ነገር ግን ከአልጋ ወደ ወንበር ያለችውን አጭር መንገድ ያለ ደጋፊ ክንድ የሚያልፋት ሕሙም አልነበረምና፥ እኔ እንደምፈርደው የአስታማሚነት ሙያ ትልቁን መታጠፊያ ያለፈው በዚያች መንገድ ላይ ነው።

ቢሆንም የልብ ድካም ያለበትን ሰው ማራመድ እስከ 1980ዎቹ ድረስ ሲያስፈራ ቆየ። በ2009 በ2,331 ሕሙማን ላይ የተደረገው ታላቅ ምርመራ ውጤት በታተመ ጊዜ፥ የአካል እንቅስቃሴ ልምምድ እንደማያሰጋቸውና ኑሯቸውን እንደሚያሻሽል ታወቀ፤ ነገር ግን ወደ ቤታቸው ከተመለሱ በኋላ በታዘዘው ልክ የዘለቁበት ጥቂቶች ነበሩ። የነርሷ ሥራ የሚጀምረው እንግዲህ እዚህ ላይ ነው። በሕሙሙ ቁርጭምጭሚት ላይ አውራ ጣቷን ጫን አድርጋ ጉድጓዱ ቶሎ መሙላቱን ታያለች፤ በሚዛን ትመዝነዋለች፤ ከዚያም ሰዓቷን ይዛ በረጅሙ መተላለፊያ በ6 ደቂቃ ስንት ሜትር እንደሚሄድ ትለካለች። ለዕለት ልምምዱም፥ እየተራመደ ለመጫወት ትንፋሽ ካልቸገረው እርምጃው ልኩ መሆኑን፥ ቃሉ በመካከል ከተቆረጠበት ግን ማዝገም እንደሚገባው ታስተምረዋለች።

በአገራችን የልብ ድካም ከልጅነት የመገጣጠሚያ ትኩሳት በተረፈ የልብ በር ጉዳት ብዙ ወጣቶችን ይይዛልና፥ አልጋው የሚሰርቃቸው ዕድሜ ረጅም ነው። ስለዚህ አንባቢ ሆይ፥ እንዲህ ያለ ሕሙም በቤትህ ቢኖር፥ «አትነሣ» ከማለትህ በፊት ስንት እርምጃ እንደተፈቀደለት ነርሷን ጠይቃት፤ የፈቀደችውንም ያህል ክንዱን ይዘህ አብረኸው ሂድ።