የሬዲዮ ሪፒተሮችን በኢንተርኔት ማገናኘት

የሬዲዮ ሪፒተሮችን በኢንተርኔት ማገናኘት በተለያዩ ከተሞች ወይም አገሮች የተተከሉ ሪፒተሮች ድምፅን በኢንተርኔት እየተለዋወጡ እንደ አንድ ጣቢያ እንዲሠሩ የሚያደርግ ዘዴ ነው። በዚህ ዘዴ አንድ ሰው በእጁ በያዘው አነስተኛ የመገናኛ ሬዲዮ (ዎኪ ቶኪ) በሺዎች ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ካለ ሌላ የሬዲዮ ተጠቃሚ ጋር መነጋገር ይችላል። ዘዴው ይበልጥ የሚታወቀው በአማተር ሬዲዮ፣ ማለትም ፈቃድ ያላቸው ሰዎች ያለ ትርፍ በሚያካሂዱት የሬዲዮ ግንኙነት ነው። ሆኖም የመገናኛ ሬዲዮ የሚጠቀሙ ድርጅቶችም ቅርንጫፎቻቸውን በተመሳሳይ መንገድ ያገናኛሉ።

ሪፒተር

ሪፒተር በአንድ ፍሪኩዌንሲ የሚሰማውን ድምፅ በዚያው ቅጽበት በሌላ ፍሪኩዌንሲ መልሶ የሚያሰራጭ ጣቢያ ነው። የእጅ ሬዲዮዎች የሚጠቀሙባቸው ከፍተኛ ፍሪኩዌንሲዎች በአብዛኛው በቀጥታ መስመር ስለሚጓዙ ተራራና ሕንፃ ያግዳቸዋል። በዚህ ምክንያት ሪፒተር ከፍ ባለ ቦታ ላይ ይተከላል። በአሜሪካ በ2 ሜትር ባንድ የሚሠሩ የአማተር ሪፒተሮች የሚቀበሉበትና የሚያሰራጩበት ፍሪኩዌንሲ አብዛኛውን ጊዜ በ600 ኪሎ ኸርዝ ይለያያል። አንቴናው የቱንም ያህል ከፍ ቢል ግን የሪፒተሩ ሽፋን በአካባቢው የተወሰነ ነው። ኢንተርኔት የሚገባው ይህን ወሰን ለማለፍ ነው።

አሠራር

በእያንዳንዱ ሪፒተር ዘንድ ኖድ የሚባል ኮምፒውተር ይቀመጣል። ኖዱ ከሬዲዮው ሁለት ነገሮችን ይቀበላል፤ አንደኛው ድምፁ ሲሆን ሁለተኛው «አሁን የሚናገር ሰው አለ» የሚል የኤሌክትሪክ ምልክት ነው። ምልክቱ ሲመጣ ኮምፒውተሩ ድምፁን ወደ ቁጥር ለውጦ በትናንሽ ፓኬቶች ይልካል። በሌላው ጫፍ ያለው ኖድ ፓኬቶቹን ወደ ድምፅ መልሶ የራሱን ሬዲዮ ማስተላለፊያ ይከፍታል። ተጠቃሚው ኮምፒውተሩን መንካት አያስፈልገውም። በሬዲዮው ላይ ባሉት የቁጥር ቁልፎች የሌላውን ኖድ ቁጥር ሲጫን፣ ኖዱ የቁልፎቹን ድምፅ ለይቶ ግንኙነቱን ይከፍታል ወይም ይዘጋል።

ድምፅ በሰከንድ 8000 ጊዜ ተለክቶ እያንዳንዱ ልኬት በ8 ቢት ሲመዘገብ በሰከንድ 64 ኪሎ ቢት ይሆናል። በየ20 ሚሊ ሰከንዱ አንድ ፓኬት ቢላክ በሰከንድ 50 ፓኬቶች፣ በእያንዳንዱም 160 ባይት ድምፅ ይኖራል። የአድራሻና የቅደም ተከተል መረጃ የያዘ 40 ባይት ሲጨመርበት ፍሰቱ 80 ኪሎ ቢት ይደርሳል። በጂኤስኤም የድምፅ መጭመቂያ ግን የ20 ሚሊ ሰከንድ ድምፅ በ33 ባይት ስለሚያዝ አጠቃላይ ፍሰቱ ወደ 29 ኪሎ ቢት ይወርዳል። በዚህ ጊዜ የአድራሻው ክፍል ከድምፁ ይበልጣል። በአንድ ፓኬት ረዘም ያለ ድምፅ ማስገባት ብክነቱን ይቀንሳል፤ ነገር ግን መዘግየቱን ይጨምራል፤ አንድ ፓኬት በመንገድ ሲጠፋም የሚቆረጠው ንግግር ይረዝማል።

ብዙ ሪፒተሮች በአንድነት ሲገናኙ ሪፍሌክተር የሚባል ሰርቨር ያስፈልጋል። 20 ኖዶች በቀጥታ እርስ በርስ ቢገናኙ ተናጋሪው ኖድ 19 ቅጂ መላክ ይኖርበታል፤ ይህም በ80 ኪሎ ቢት ስሌት ከ1.5 ሜጋ ቢት በላይ ነው። በሪፍሌክተር ግን አንድ ቅጂ ብቻ ይልካል፤ ለሌሎቹ የሚያባዛው ሰርቨሩ ነው።

ታሪክ

ከቀደምቶቹ ሥርዓቶች አንዱ አይአርኤልፒ ነው። ይህን ሥርዓት በ1997 እ.ኤ.አ. በካናዳ ቫንኩቨር የጀመረው ዴቪድ ካመሮን ነው። መጀመሪያ ላይ በዊንዶውስ የሚሠራ የኢንተርኔት ስልክ ፕሮግራም ይጠቀም ነበር። ፕሮግራሙ ያለ ሰው ጥበቃ ለረጅም ጊዜ መሥራት ስላልቻለ በ1998 እ.ኤ.አ. ሥርዓቱ ወደ ሊኑክስ ተዛወረ። ተራራ ላይ ለተቀመጠ ኮምፒውተር ይህ ቀላል ጉዳይ አይደለም፤ በተበላሸ ቁጥር እዚያ ድረስ ወጥቶ የሚያስነሳው ሰው አይገኝም።

በ2002 እ.ኤ.አ. አሜሪካዊው ጆናታን ቴይለር ኤኮሊንክን አወጣ። አይአርኤልፒ የሚያገናኘው ሬዲዮን ከሬዲዮ ጋር ሲሆን፣ ኤኮሊንክ ግን ተጠቃሚው ከኮምፒውተሩ በቀጥታ እንዲገባም ይፈቅዳል። ኦልስታርሊንክ የተባለው ደግሞ አስተሪስክ በሚባለው ነፃ የስልክ ማዞሪያ ሶፍትዌር ላይ ጂም ዲክሰን በጨመረው የሪፒተር መቆጣጠሪያ ላይ የተመሠረተ ነው። በጃፓን አማተር ሬዲዮ ሊግ የተዘጋጀው ዲ-ስታር ድምፁን እዚያው በተጠቃሚው ሬዲዮ ውስጥ ወደ ቁጥር ይለውጣል።

ማንነትን ማረጋገጥ

በአማተር ፍሪኩዌንሲ መናገር የሚችለው ፈቃድ ያለው ሰው ብቻ ስለሆነ ኤኮሊንክ አዲስ ተጠቃሚ ከማስገባቱ በፊት የጥሪ ምልክቱን ያጣራል። የጥሪ ምልክት መነሻ ፊደላት የባለፈቃዱን አገር ያሳያሉ። ለምሳሌ «ኢቲ» ለኢትዮጵያ ከተመደቡት አንዱ ሲሆን፣ በአዲስ አበባ የሚገኘው የኢትዮጵያ አማተር ሬዲዮ ማኅበር የክለብ ጣቢያ ምልክት ኢቲ3ኤኤ ነው። አይአርኤልፒ በበኩሉ የኖዶቹን ማንነት በምስጠራ ቁልፍ ያረጋግጣል።

የተለመዱ ችግሮች

ብዙ ሪፒተሮች ተናጋሪው ካቆመ በኋላም ለጥቂት ሰከንዶች ማሰራጨታቸውን ይቀጥላሉ። ኖዱ ሪፒተሩን የሚያዳምጠው በሌላ ሬዲዮ በኩል ከሆነ ይህን ባዶ ስርጭት እንደ ንግግር ቆጥሮ ሊልከው ይችላል። ያን ጊዜ ሁለተኛው ሪፒተር ይከፈታል፤ የእርሱም ባዶ ስርጭት ተመልሶ የመጀመሪያውን ይከፍታል። ሁለቱ ጣቢያዎች እንዲህ እየተቀባበሉ መስመሩን ስለሚይዙት ሰው መናገር አይችልም። መፍትሔው ሪፒተሩ እውነተኛ ተናጋሪ ሲኖር ብቻ ዝቅተኛ መለያ ድምፅ አብሮ እንዲያሰራጭ ማድረግና ኖዱም በዚያ ድምፅ ብቻ እንዲከፈት ማስተካከል ነው። መለያ ድምፆቹ አብዛኛውን ጊዜ ከ67 እስከ 254.1 ኸርዝ ባለው ክልል ውስጥ ይገኛሉ፤ ተቀባዩ ሬዲዮም ስለሚያጣራቸው ለአድማጭ አይሰሙም።

ሌላው ችግር መዘግየት ነው። በመንገድ ላይ ያሉት ማስተላለፊያዎች ሁሉ እስኪከፈቱ ጊዜ ስለሚወስድ፣ ቁልፉን ተጭኖ ወዲያው የሚናገር ሰው የመጀመሪያ ቃሉ ይቆረጣል። ስለዚህ ተጠቃሚዎች ከተጫኑ በኋላ አንድ ሰከንድ ያህል ይጠብቃሉ። በተራ ሲነጋገሩም በመካከል ክፍተት ይተዋሉ፤ አስቸኳይ መልእክት ያለው ሰው የሚገባው በዚያ ክፍተት ነው።

በአደጋ ጊዜ

በአሜሪካ ማያሚ በሚገኘው ብሔራዊ የአውሎ ነፋስ ማዕከል የሚሠራ የአማተር ሬዲዮ ጣቢያ አለ። ጣቢያው ከአውሎ ነፋሱ አካባቢ የሚመጡ ዘገባዎችን ከሚቀበልባቸው መንገዶች መካከል ኤኮሊንክና አይአርኤልፒ ይገኙበታል።

ይሁን እንጂ ዘዴው የሚሠራው ኢንተርኔት እስካለ ድረስ ብቻ ነው። በመስከረም 2017 እ.ኤ.አ. ማሪያ የተባለው አውሎ ነፋስ ፖርቶ ሪኮን ሲመታ የኤሌክትሪክና የስልክ መስመሮች በአብዛኛው ተቋረጡ። የአሜሪካ ቀይ መስቀል የአገሪቱን የሬዲዮ አማተሮች ማኅበር 50 ባለሙያዎች እንዲልክለት የጠየቀ ሲሆን፣ የተላኩትም የአጭር ሞገድ መሣሪያ ይዘው ነበር። አጭር ሞገድ ከላይኛው የከባቢ አየር ክፍል እየተንፀባረቀ ስለሚጓዝ በመካከል ኬብልም ሰርቨርም አያስፈልገውም።

በዚህ ምክንያት በጥንቃቄ የተሠራ ሥርዓት ሪፒተሩ ከኖዱ ተነጥሎ እንዲሠራ ተደርጎ ይዘጋጃል። ሪፒተሩ የመጠባበቂያ ባትሪ ካለው፣ ኢንተርኔቱ ሲቋረጥ የሩቁ ድምፅ ቢጠፋም በአንድ ተራራ ዙሪያ ያሉ ሰዎች እርስ በርስ መነጋገራቸውን ይቀጥላሉ።