ሦስት ቀለም ያላት ቮልስ

ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ይላል ያገራችን ሰው። እኔም የታሪክ ተማሪ እንደ መሆኔ ነገሬን ከሥሩ ልጀምር። የዚህ ጽሑፍ ሥር የሚገኘው ግን ቤተ መጻሕፍት ውስጥ አይደለም፤ የካ ሚካኤል፣ ከቤተ ክርስቲያኑ በላይ ወደ ተራራው በሚወጣው ኮረኮንች መንገድ ዳር፣ እኛ ግቢ ውስጥ በቆርቆሮ ጥላ ሥር ነው። እዚያ አንዲት ቮልስ አለች። እ.ኤ.አ. በ1965 የተሠራች፣ ባለ 1200 ሞተር። አባቴ ከ2009 እስከ 2016 ዓ.ም. ሰባት ዓመት ሙሉ፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላና ሥራ በሌለበት ቀን ሁሉ፣ ሲፈታትና ሲገጥማት ኖሯል። እኔ በዚያ ሁሉ ጊዜ ቁልፍ አቀባይ ነበርኩ። «የመኪና ጥገና ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ታሪክ የሆነው?» የምትሉኝ አትጠፉም። ታገሡኝ፤ እኔም መጀመሪያ እንደዚያው ብዬ ነበር።

በቅድሚያ ስለ ዘሯ። ቮልስዋገን በጀርመንኛ «የሕዝብ መኪና» ማለት ነው። ንድፉን ያወጣው ፈርዲናንድ ፖርሸ ሲሆን የፋብሪካው የመሠረት ድንጋይ የተጣለው እ.ኤ.አ. በ1938 በሂትለር ዘመን ነው። በየሳምንቱ ቴምብር እየገዙ ለመኪናዋ የቆጠቡ ጀርመኖች ግን አንዳቸውም አላገኟትም፤ ጦርነቱ መጣና ፋብሪካው ለሠራዊቱ መሥራት ጀመረ። እ.ኤ.አ. በ1945 ጦርነቱ ሲያበቃ ፋብሪካውን ከፍርስራሽ ያስነሣው ኢቫን ሂርስት የተባለ የእንግሊዝ መኮንን ነው። እንግዲህ «የሕዝብ» የተባለችው መኪና ለሕዝብ የደረሰችው ያቀዳት መንግሥት ከወደቀ በኋላ መሆኑን ልብ በሉ። እ.ኤ.አ. በ1972 የፎርድን ሞዴል ቲ ክብረ ወሰን በቁጥር በለጠች። የመጨረሻዋ ቮልስ ከሜክሲኮው የፑዌብላ ፋብሪካ የወጣችው ሐምሌ 23 ቀን 1995 ዓ.ም. ነው። እስከዚያች ቀን በጠቅላላው 21,529,464 ተሠርተዋል።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ አውቶሞቢል አዲስ አበባ የገባው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ በ1900 ዓ.ም. ነው። ቤዴ ቤንትሊ የተባለ እንግሊዛዊ ዎልስሌይ የተባለች መኪና ይዞ ከጅቡቲ መጣ። ይህን ሁላችንም በክፍል ተምረናል። በክፍል ያልተማርነው ግን መኪናው ከቤተ መንግሥት ወጥቶ እንዴት ጋራዥ እንደ ደረሰ ነው። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. የቆየው የጣሊያን ወረራ መንገድና ካሚዮን ይዞ መጣ፤ ሲሄድም ቃላቱን ትቶ ሄደ። ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ካንዴላ፣ ፑንቲና፣ ማርሽ፣ ጎማ፣ ቸርኬ፣ ፍሬቻ፣ ላሜራ፣ ካቻቢቴ፣ ሌላው ቀርቶ ታርጋና ቦሎ ሁሉ ከዚያው ናቸው። አባቴ «ፑንቲናው ተቃጥሏል፤ ካንዴላውን ፍታልኝ» ሲለኝ፣ ጀርመን የሠራትን መኪና በጣሊያንኛ ቃልና በአማርኛ ሰዋስው እየጠገነ ነው። ወራሪውን ካባረርን ብዙ ዘመን ሆነን፤ ቃሉን ግን እንደ ምርኮ መሣሪያ እየተጠቀምንበት ነው።

ለመሆኑ ቮልስ አዲስ አበባን ለምን ለመደቻት? አንደኛው ምክንያት ራዲያተር የላትም፤ ሞተሯ የሚቀዘቅዘው በአየር ስለሆነ ዳገት ላይ ውኃ ፈላብኝ ብላ አትቆምም። ሁለተኛ፣ ሞተሯ ከኋላ፣ ከሚገፉት ጎማዎች ላይ ስለተቀመጠ በክረምት ጭቃ መሬት ትቆነጥጣለች። ሦስተኛ፣ ሞተሩን ከካምቢዮው ጋር የሚያያይዙት አራት ብሎኖች ብቻ ናቸው፤ ሁለት ሰው አንድ ክሪክና አንድ አሮጌ ጎማ ካለው በግማሽ ቀን ያወርደዋል። ጉልበቷ ግን እምብዛም ነው። ፋብሪካው 34 የፈረስ ጉልበት ይላል፤ ይህም በባሕር ጠለል ላይ ነው። እኛ ሰፈር ከ2,400 ሜትር በላይ ላይ አየሩ ከአንድ አምስተኛ በላይ ስለሚሳሳ ከፈረሶቹ ሰባት ያህሉ ይቀራሉ። አባቴ «ሰባቱ አዋሽ ላይ ውኃ ሊጠጡ ቀርተው ነው» ይላል።

በዚያው ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1964፣ አሜሪካኖቹ ፎርድ ሙስታንግንና ፖንቲያክ ጂቲኦን አወጡ። ስምንት ሲሊንደር ያላቸውን እነዚህን «ጡንቸኛ» መኪናዎች ዛሬ በየጓሯቸው የሚያድሱ ብዙ ናቸው፤ ሥራውም እንደ እኛው ዓመታት ይፈጃል። ልዩነቱ እዚያ አዲስ የተሠራ ፓራፋንጎ ይታዘዛል፣ በፖስታ ይመጣል። እዚህ ሶማሌ ተራ ወርዶ፣ ካልተገኘ ምናለሽ ተራ ዞሮ፣ ካልተገኘ ደግሞ ራስ ቀጥቅጦ መሥራት ነው። ቀረጡና የውጭ ምንዛሪ እጥረቱ አዲስ መኪና መግዛትን ለደሞዝተኛ ሕልም አድርገውታል። የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ከውጭ የሚገባ ያገለገለ መኪና ዕድሜው በጨመረ ቁጥር ታክሱ እንዲከብድ አደረገ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በቤንዚንና በናፍታ የሚሄዱ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከለከለ። ስለዚህ ያለውን ማቆየት ለኛ የኑሮ ጉዳይ ነው። ፍቅሩ በኋላ ይመጣል።

አሁን ወደ ራሳችን ቮልስ ልግባ። ወንድ አያቴ የመሥሪያ ቤት ሒሳብ ሠራተኛ ነበሩ። መኪናዋን በ1963 ዓ.ም. ወደ አገሩ ከሚመለስ ፈረንጅ መምህር ላይ ገዟት። በየካቲት 1966 በቤንዚን ዋጋ መጨመር የተነሣ የታክሲ ነጂዎች አድማ ሲመቱ፣ አያቴ ጎረቤቱን እየጫኑ ከየካ እስከ አራት ኪሎ ያመላልሱ ነበር አሉ። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከዙፋናቸው ወርደው ከኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት ወደ አራተኛ ክፍለ ጦር የተወሰዱት በቮልስዋገን ኋላ መቀመጫ ተቀምጠው ነው። በዚያ ሰሞን፣ ይላሉ ሴት አያቴ፣ ቮልስ ያለው ሰው ሁሉ መንገድ ላይ ዞር ተብሎ ይታይ ነበር። አያቴ በ1999 ዓ.ም. ሲያርፉ መኪናዋም ቆመች። ዐሥር ዓመት ቆማ ዶሮዎች ኋላ መቀመጫዋ ላይ ይጥሉ ነበር። እንቁላል ልንሰበስብ የምንሄደው ወደ መኪናዋ ነው።

አባቴ በ2009 ሲጀምር «በአንድ ዓመት እጨርሳታለሁ» ብሎ ነበር። ሞተሩን አውርዶ ሲከፍተው ሦስተኛው ሲሊንደር ተበልቷል። ይህ የቮልስ የታወቀ ሕመም ነው፤ በነዚያ ዓመታት በተሠሩት ላይ የዘይት ማቀዝቀዣው ለሦስተኛው ሲሊንደር የሚሄደውን አየር ስለሚጋርድ እሱ ከሌሎቹ ይልቅ ይግላል። ፒስተን ከነሲሊንደሩ እስኪገኝ አንድ ዓመት ከመንፈቅ አለፈ። ከዚያ ወለሉ። ባትሪው ከኋላ መቀመጫ ሥር በስተቀኝ በኩል ነው የሚቀመጠው፤ አሲዱ በዓመታት ውስጥ ወለሉን በልቶ እጄን ወደ ታች ሳሾልክ ሣር ነካሁ። የተበላው ተቆርጦ ከበርሜል የወጣ ላሜራ ተበየደበት። ካርቡራቶሩን እንዲያጸዳ የሰጠነው አንድ ሰው ደግሞ፣ ስሙ ይቅር፣ የኛን አስቀርቶ ሌላ አሮጌ መለሰልን። አባቴ ይህን ያወቀው ከስምንት ወር በኋላ ነው። አልተጣላም፤ «እሱም የሚያድሳት ትኖረዋለች» ብሎ ተወው። በአምስተኛው ዓመት የስድስት ቮልት ኤሌክትሪኳን ወደ ዐሥራ ሁለት ለወጠ፤ አምፖሉን፣ ዲናሞውንና ኮይሉን መቀየር ነበረበት። እናቴ በበኩሏ የእያንዳንዱን ዕቃ ዋጋ በደብተር ትጽፍ ነበር። ደብተሩን ለአባቴ አሳይታው አታውቅም።

እኔ ዩኒቨርሲቲ የገባሁት ቀለሙ ላይ ስንደርስ ነው። የምንጭ ሒስ የሚባለውን ትምህርት በዚያው ሰሞን እማር ነበርና በእጄ የገባውን ሁሉ እመረምር ጀመር። በሊብሬው ላይ «ቀለም፦ ነጭ» ይላል፤ ሊብሬው የተጻፈው በ1972 ዓ.ም. ነው። መኪናዋ ግን ክሬም ናት። ክሬሙ በ1980ዎቹ ውስጥ ጋራዥ የተቀባ መሆኑን አባቴ ራሱ ያስታውሳል። በብርጭቆ ወረቀት ስንፍቀው ሥሩ ነጭ ወጣ። እሰየው፣ ሰነዱ እውነት ተናገረ አልኩ። ነጩን ስንፍቅ ደግሞ ሰማያዊ ወጣ፤ የፋብሪካው ቀለም።

አባቴን ያስደነቀው ግን ሌላ ነገር ነው። ነጩ በስፕሬይ የተቀባ አልነበረም። በብሩሽ ነው የተቀባው። መስመሩ ይታያል፤ እንዲያውም በሩ አጠገብ የብሩሽ ፀጉር ቀለሙ ውስጥ ደርቆ ቀርቷል። «አባቴ ጥንቁቅ ሰው ነበር፤ መኪናውን እንደ ግድግዳ በብሩሽ አይቀባም» አለ። እውነትም ሰውየው ደብተሩን እንኳ በማስመሪያ የሚያሰምር ሒሳብ ሠራተኛ ነው። ታዲያ ምን ነካው?

እማማን ጠርተን አሳየናት። ሰማንያ አምስት ዓመቷ ነው። ምርኩዟን ይዛ መጥታ ሰማያዊውን በጣቷ ዳበሰችው፤ ከዚያ ዶሮዎቹ ይጥሉበት የነበረው መቀመጫ ግቢው ውስጥ ወጥቶ ነበርና እሱ ላይ ተቀመጠች።

«እናንተ ልጆች፣ ይህን ከየት ቆፍራችሁ አወጣችሁት?» አለች።

በመጋቢት 1969 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የቤት ለቤት አሰሳ መካሄዱን አንብበናል፤ ተፈትነንበታልም። እማማ የነገረችን የዚያን ሰሞን ነው። የወንድ አያቴ የእኅት ልጅ፣ ተማሪ፣ እኛ ቤት ተደብቆ ነበር። አያቴ አንድ ቀን ሊነጋጋ ሲል ኋላ መቀመጫ ሥር አስተኝተው፣ ኩንታል ጤፍ ላዩ ላይ ጭነው፣ በኮተቤ አድርገው ሰንዳፋ አደረሱት። ከሦስት ቀን በኋላ ሰፈር ውስጥ «ሰማያዊ ቮልስ ያለው ማነው?» እያለ የሚጠይቅ ሰው መጣ። ቮልስ ብዙ ነው፤ ሰማያዊ ግን በኛ ሰፈር አንድ ነበር። በዚያው ሌሊት አያቴና እማማ በፋኖስ መብራት፣ ለመስኮት ተብሎ በተገዛ ነጭ ቀለምና በሁለት ብሩሽ፣ መኪናዋን ቀብተው አደሩ። አባቴ ያን ጊዜ የዐሥር ዓመት ልጅ ነበር። ጠዋት ተነሥቶ «መኪናችን ነጭ ሆነች!» ብሎ እየዘለለ ሲወጣ እማማ አፉን በእጇ ከድናዋለች። እሱ ይህን ጨርሶ አያስታውስም።

«ልጁስ?» አልኳት።

«ከዚያ ወዲያ ዐይኑን አላየነውም» አለች።

እዚህ ላይ ክርክራችንን ልንገራችሁ። እኔ መኪናዋ በፋብሪካው ቀለም፣ በሰማያዊ ትቀባ ባይ ነበርኩ። መልሶ ማደስ ማለት ወደ መጀመሪያው መመለስ ነው፤ ሊብሬው የኋለኛ ሰነድ ነው፤ ክሬሙም ከዚያ የኋላ ነው እያልኩ እንደ ፈተና ወረቀት ተከራከርኩ። አባቴም ወደኔ ያጋደለ መሰለኝ፤ ቀለሙን ሊያስመዝን ሄዶ ዋጋ እስከ መጠየቅ ደርሶ ነበር። በዚያው ሰሞን ለሠርግ የሚያከራያት አንድ ገዢ መጥቶ እኛ ተስማምተንበት የማናውቀውን ዋጋ ጠራ፤ እሱም የፈለገው ሰማያዊ ነው፤ በፎቶግራፍ ያምራል አለ። እናቴ ደብተሯን ለመጀመሪያ ጊዜ አውጥታ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠች። የሰባት ዓመቱ ወጪ ሲደመር ገዢው ከጠራው እምብዛም አያንስም ነበር። ሁላችንም ዝም አልን።

እማማ ናት የቋጨችው። «አትሸጧትም። ነጭ ቀቧት» አለች። «ሰማያዊውን እሱ ይዞት ሄዷል።»

እኔ ከዚያ ወዲህ የምንጭ ሒስ ያልኩትን ነገር ደግሜ አሰብኩት። ሊብሬው «ነጭ» ሲል አልዋሸም፤ ግን ነጭ የሆነችበትን ሌሊት አልጻፈም። የፋብሪካው ቀለም «የመጀመሪያው» ነው፤ ያ መጀመሪያ ግን የቮልፍስቡርግ መጀመሪያ ነው። ለኛ ቤት ታሪኳ የሚጀምረው በብሩሹ ሌሊት ነው። ሰማያዊ አድርገናት ቢሆን ኖሮ ትክክለኛ መኪና ይኖረን ነበር፤ የአያቶቼን እጅ ሥራ ግን እኛው ራሳችን ፍቀን በጣልነው ነበር። አሰሳውን የሚነግሩን መጻሕፍት ቀኑንና ትእዛዙን ይነግሩናል። ሰው በዚያ ሌሊት ምን ዓይነት ቀለም እጁ ላይ እንደ ነበረው የሚነግረን ግን የበር ላሜራ ነው።

መኪናዋ በ2016 ዓ.ም. ሰኔ ላይ ነጭ ተቀባች፤ በዚህ ጊዜ በስፕሬይ። ክርክሩን ብሸነፍም አንድ ነገር ለምኜ ተፈቀደልኝ፤ ከፊት ኮፈን ውስጠኛው በኩል፣ ከመለዋወጫ ጎማው በላይ፣ መዳፍ የምታህል ቦታ ሳትቀባ ቀርታለች። ሦስቱም ቀለም፣ ከነብሩሹ መስመር፣ እዚያ ይታያሉ።

ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ ሁላችሁም ቤት አንድ አሮጌ ነገር አይጠፋም፤ የልብስ ስፌት መኪና፣ ሬዲዮ፣ በር የተቀየረለት ቁም ሣጥን። የመመረቂያ ጽሑፋችሁን ርእስ ፍለጋ ሩቅ ከመሄዳችሁ በፊት እሱን ፈትሹት፤ ከፈተሻችሁም በኋላ አያቶቻችሁን ጠርታችሁ አሳዩአቸው። «ያለፈውን ንገሩን» ብለን ስንጠይቃቸው ዝም የሚሉን ብዙ ናቸው። እማማም ሃምሳ ዓመት ሊሞላ እስኪቃረብ ዝም ብላ ነበር። የተናገረችው ሰማያዊውን በጣቷ ስትነካው ነው። የጋራዥ ሰዎቹንም ጠይቁ፤ ካምቢዮና ፍሪሲዮን የሚሉትን ቃላት ከማን እንደ ተማሩ የሚነግሩን የመጨረሻዎቹ ሽማግሌዎች በየቀኑ እየቀነሱ ነው። ደብተርና እርሳስ ይዞ መሄድ ብቻ ይበቃል። ቁልፍ ማቀበልም ያስፈልግ ይሆናል።