ሰማያዊና አረንጓዴ፦ በመልእክት መካከል የቆመው አጥር

በፈረንጆቹ አቆጣጠር ዲሴምበር 3 ቀን 1992 ኒል ፓፕዎርዝ የተባለ የ22 ዓመት እንግሊዛዊ መሐንዲስ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጦ «መልካም ገና» ብሎ ጻፈ። መልእክቱ የደረሰው የስልክ ኩባንያው የቮዳፎን ኃላፊ ለነበሩት ለሪቻርድ ጃርቪስ ነው። ጃርቪስ በዚያ ሰዓት የገና ግብዣ ላይ ነበሩ። ስልካቸው ጽሑፍ ይቀበላል እንጂ መላክ ስለማይችል መልስ አልሰጡም። የስልክ የጽሑፍ መልእክት ታሪክ በዚህች ቃል ተጀመረ።

ኤስኤምኤስ የተባለው ይህ የጽሑፍ መልእክት ከጅምሩ ጠባብ ነበር። አንዱ መልእክት የሚይዘው 140 ባይት ብቻ ነው። በላቲን ፊደል ከተጻፈ 160 ምልክት ይገባበታል። የእኛ ፊደል ግን እያንዳንዱ ሁለት ባይት ስለሚወስድ ከ70 አያልፍም። በአማርኛ የጻፍነው መልእክት ቶሎ ለሁለትና ለሦስት የሚቆረጠው ለዚህ ነው።

ያም ሆኖ ኤስኤምኤስ ትልቅ ጸጋ ነበረው፤ ማንም ለማንም ይልክበታል። ይህ ጸጋ ግን በአንድ ጀንበር አልተገኘም። በብሪታኒያ እስከ 1999 ድረስ የአንዱ ቴሌኮም ደንበኛ ለሌላው ቴሌኮም ደንበኛ መልእክት መላክ አይችልም ነበር። ኩባንያዎቹ መረባቸውን ሲያገናኙ ነው የጽሑፍ መልእክት የሕዝብ መነጋገሪያ የሆነው።

ከ12 ዓመት በኋላ ሌላ አጥር ቆመ። በኦክቶበር 2011 አፕል አይሜሴጅ የተባለውን መልእክት መላኪያ ለአይፎን ተጠቃሚዎች አቀረበ። ከአይፎን ወደ አይፎን የሚላከው መልእክት በኢንተርኔት ይሄዳል፤ ከላኪና ከተቀባይ በቀር ሌላ እንዳያነበው ይቆለፋል፤ ሰማያዊ መደብ ላይም ይታያል። ወደ አንድሮይድ ስልክ የሚላከው ግን እስከ 2024 ድረስ በአሮጌው ኤስኤምኤስ ይሄድ ነበር፤ ቁልፍ አልነበረውም፤ መደቡም አረንጓዴ ነው።

ልዩነቱ የቀለም ብቻ አልነበረም። ልጅ በአይፎኑ የቀረጸውን የክርስትና ቪዲዮ አንድሮይድ ለያዘች እናቱ ሲልክ፣ አሮጌው መንገድ ትልቅ ፋይል ስለማይሸከም ቪዲዮው ተጨምቆ ይደርስ ነበር። እናት የልጅ ልጇን ፊት ለማየት ስልኩን ብታቀርብም ብታርቅም የምታየው ብዥታ ነበር።

አጥሩ የቴክኒክ ችግር ብቻ እንዳልነበረ የታወቀው በ2021 ነው። የጨዋታ ኩባንያው ኤፒክ ጌምስ አፕልን በከሰሰበት ችሎት የአፕል የውስጥ ደብዳቤዎች ይፋ ወጡ። በ2013 ኤዲ ኪው የተባሉት የአፕል ኃላፊ አይሜሴጅ ለአንድሮይድም ይሠራ ብለው ነበር። ሌላው የአፕል ኃላፊ ክሬግ ፌዴሪጊ ግን ይህ ከሆነ አይፎን የያዙ ወላጆች ለልጆቻቸው አንድሮይድ እንዳይገዙ የሚያግደው እንቅፋት ይነሳል ብለው ተቃወሙ።

በሌላው ወገን ጉግል አርሲኤስ የተባለውን አዲስ የመልእክት ደረጃ ይዞ ተነሳ። አርሲኤስ ጥራቱን የጠበቀ ፎቶና ቪዲዮ ያስተላልፋል፤ መልእክቱ መነበቡንም ያሳያል። ጉግል በ2022 አፕል ይህን ደረጃ እንዲቀበል በአደባባይ ዘመቻ ከፈተ። በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር አንድ ጠያቂ ለእናቱ ቪዲዮ መላክ እንደተቸገረ ቢነግራቸው፣ የአፕል ሥራ አስኪያጅ ቲም ኩክ «ለእናትህ አይፎን ግዛላት» አሉት። ይህች ቃል ከአንድ ዓመት ተኩል በኋላ የአሜሪካ ፍትሕ ሚኒስቴር በማርች 2024 አፕልን በሞኖፖሊ በከሰሰበት ሰነድ ውስጥ ገባች።

የአፕልንም መከራከሪያ መስማት ይገባል። በዲሴምበር 2023 ቢፐር ሚኒ የተባለ መተግበሪያ አይሜሴጅን ለአንድሮይድ ሲከፍት፣ አፕል የደንበኞቼን ደኅንነት ለመጠበቅ ነው ብሎ በቀናት ውስጥ ዘጋው። ደኅንነት ትልቅ ጉዳይ ነው። ነገር ግን የአፕል ደንበኛም ወደ አንድሮይድ ሲጽፍ መልእክቱ ያለ ቁልፍ ይሄድ ነበር። አጥሩ ውስጥ ያለውንም አላዳነም።

ክርክሩ የፈላው በአሜሪካ ነው፤ ብዙ ሰው ስልኩ ይዞት የመጣውን መልእክት መላኪያ ስለሚጠቀም። በአገራችን ቴሌግራም፣ በእስራኤልና በብዙ የአውሮፓ አገሮች ዋትስአፕ ስለተለመደ ሰማያዊና አረንጓዴ ያን ያህል አላጣላንም።

አፕል በኖቬምበር 2023 አርሲኤስን እንደሚቀበል አስታወቀ፤ በሴፕቴምበር 2024 ቃሉን ፈጸመ። መደቡ አሁንም አረንጓዴ ነው፤ ቪዲዮው ግን እንደ ድሮው ተጨምቆ አይደበዝዝም።

በ1999ም በ2024ም አጥሩ ሲከፈት የጠፋ ኩባንያ የለም፤ ያተረፈው ግን ተጠቃሚው ነው። መንግሥታትና የቴክኖሎጂ ኩባንያዎች ይህን ይያዙት፦ እናት የልጅ ልጇን ፊት ጥርት አድርጋ ለማየት የስልኳ ዓይነት መጠየቅ የለበትም።