የካውንቲ ከብት አርቢዎች ማኅበር

በአሜሪካ የአንድ ካውንቲ (በግዛት ሥር ያለ የአስተዳደር ክፍል) የሥጋ ከብት አርቢዎች በፈቃዳቸው የሚያቋቁሙት ማኅበር ነው። አባላቱ ስለ ግጦሽ፣ ስለ ክትባትና ስለ ገበያ ዋጋ ይመካከራሉ፤ ለተማሪዎች የትምህርት ድጋፍም ገንዘብ ያሰባስባሉ።

እንዲህ ያለው መሰባሰብ አንዳንዴ ከችግር ይወለዳል። እ.ኤ.አ. በ1877 በቴክሳስ ግሬም ከተማ 40 ያህል አርቢዎች የተሰባሰቡት የከብት ሌባ ቢያስቸግራቸው ነበር። ያ ስብስብ ዛሬ የቴክሳስና የደቡብ ምዕራብ ከብት አርቢዎች ማኅበር ሆኗል፤ የከብት ስርቆት የሚመረምሩ ልዩ ሬንጀሮችም አሉት።

የካውንቲ ማኅበራት ለወጣቶች የሚያደርጉት ድጋፍ በአብዛኛው እ.ኤ.አ. በ1902 በኦሃዮ ከተጀመረው ፎር ኤች የተባለ የወጣቶች ድርጅትና በ1928 ካንሳስ ሲቲ ላይ ከተመሠረተው ኤፍ ኤፍ ኤ ከተባለው የግብርና ተማሪዎች ድርጅት ጋር የተሳሰረ ነው። በእነዚህ ድርጅቶች ውስጥ የሚሳተፍ ወጣት ጥጃ ይገዛል፣ ይቀልባል፣ ወጪውን ይመዘግባል፣ በገመድ መመራት ያለማምደዋል። የደለበው ሰንጋ በካውንቲው ባዛር ዳኞች ፊት ቀርቦ በጨረታ ይሸጣል፤ ገቢውም የወጣቱ ነው።