ግራፊን ከቤተ ሙከራ ወደ ፋብሪካ ሲሸጋገር

አንድሬ ጋይምና ኮንስታንቲን ኖቮሴሎቭ እ.ኤ.አ. በ2004 በማንቸስተር ዩኒቨርሲቲ ግራፊንን ከግራፋይት የለዩት በተራ ፕላስተር እየላጡ ነበር። ውፍረቱ የአንድ አቶም ያህል ብቻ የሆነው ይህ የካርቦን ንጣፍ በ2010 የፊዚክስ ኖቤል ሽልማት አስገኝቶላቸዋል። በፕላስተር እየላጡ ግን በኪሎ የሚሸጥ ምርት አይገኝም። በብዛት ለማምረት ከተለመዱት መንገዶች አንዱ ኬሚካላዊ ነው፤ አደጋውም የሚጀምረው ከዚሁ ነው።

እጅግ የታወቀው ዘዴ ሐመርስና ኦፍማን እ.ኤ.አ. በ1958 ያሳተሙት ሲሆን፣ ግራፋይትን ከሰልፈሪክ አሲድ፣ ከሶዲየም ናይትሬትና ከፖታሲየም ፐርማንጋኔት ጋር በማዋሃድ ግራፋይት ኦክሳይድ ያስገኛል። አሲዱና ፐርማንጋኔቱ ሲገናኙ ከ55 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ሲሞቅ ሊፈነዳ የሚችል የማንጋኒዝ ውሁድ ይፈጠራል። ስለሆነም ፐርማንጋኔቱ የሚጨመረው ድብልቁ በበረዶ እየቀዘቀዘ፣ በጥቂት በጥቂቱ ነው።

በትንሽ ብልቃጥ ይህን መቆጣጠር አያዳግትም። 1 ሊትር የሚይዝ ዕቃ ቅርፁን ሳይለቅ ወደ 1000 ሊትር ቢያድግ ግን ሙቀት አመንጪው ድብልቅ 1000 እጥፍ ሲሆን፣ ሙቀቱ የሚወጣበት ግድግዳ 100 እጥፍ ብቻ ይሆናል። ለእያንዳንዱ ሊትር የሚደርሰው ማቀዝቀዣ ገጽ ወደ አንድ አሥረኛ ወረደ ማለት ነው። የቤተ ሙከራውን መመሪያ መጠኑን ብቻ አባዝቶ ፋብሪካ ውስጥ መሥራት የማይቻለውም በዚህ ምክንያት ነው።

ናይትሬቱ በበኩሉ መርዛማ ጋዝ ያወጣል። የአሜሪካው ራይስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2010 ናይትሬቱን አስቀርተው ፎስፎሪክ አሲድ በመጨመር ይህን ችግር አቃልለዋል፤ የፐርማንጋኔቱ ጣጣ ግን እንዳለ ነው።

ምርቱ ከደረቀ በኋላም ሥጋቱ አያበቃም። ግራፋይት ኦክሳይድ ሲሞቅ ራሱ ሙቀትና ጋዝ እያመነጨ በፍጥነት ይፈራርሳል፤ የፖታሲየም ጨው ከቀረበት ደግሞ በቀላሉ ይቀጣጠላል። እጥበቱ ዝቃጩ እንደ ሙጫ ስለሚወፍር አሰልቺና ረጅም ነው፤ ጊዜ ለመቆጠብ የሚቸኩል አምራች የሚያሳጥረው ይህንኑ ሊሆን ይችላል።

ብናኙም ሌላ ጉዳይ ነው። ስስ ንጣፎቹ ሰፊ ቢሆኑም በአየር ላይ እንደ ደቃቅ ቅንጣት ስለሚንሳፈፉ ወደ ሳንባ ጥልቅ ክፍል ሊዘልቁ ይችላሉ። በ2024 ይፋ በሆነ ጥናት ቁጥጥር በተደረገበት ሁኔታ የተጣራ ግራፊን ኦክሳይድ ለአጭር ጊዜ የተነፈሱ 14 ፈቃደኞች ላይ ጉልህ ጉዳት አልታየም። ውጤቱ የሚያበረታታ ቢሆንም በየቀኑ ዱቄቱን በከረጢት ለሚያሽገው ሠራተኛ ዋስትና አይሆንም።

በ2011 በድሬክሰል ዩኒቨርሲቲ የተገኙት ማክሲን የሚባሉት ንጣፎች ደግሞ በመጀመሪያ የተሠሩት በሃይድሮፍሎሪክ አሲድ ነው። ይህ አሲድ ቀጠን ሲል ቆዳን ነክቶ ሕመሙ ከሰዓታት በኋላ ሊሰማ ይችላል፤ ወደ ውስጥ ዘልቆም የሰውነትን ካልሲየም ያሳጣል። በመሆኑም በሚሠራበት ክፍል የካልሲየም ግሉኮኔት ቅባት ከእጅ አይርቅም።