ከበባ፦ ከብቦ መቀመጥ

አፄ ቴዎድሮስ ከደብረ ታቦር ጥቂት ወጣ ብላ ባለችው ጋፋት፣ በፈረንጅ ሚሲዮናውያን እጅ ያሠሩትን 70 ኩንታል ያህል የሚመዝን መድፍ «ሴባስቶፖል» አሉት። ስሙ በዚያን ጊዜ የሩሲያ የነበረ ወደብ ስም ነው። ንጉሡ ደረስጌ ማርያም ላይ ዘውድ በጫኑበት በ1847 ዓ.ም. እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ቱርክ ያችን ከተማ ከበው ይዘዋት ነበር፤ እስክትወድቅም አሥራ አንድ ወር ያህል ፈጀባቸው። መድፉም ጥይቱን ወደ ላይ አጉኖ ከግንብ ማዶ የሚጥል ዓይነት ነው፤ ለከበባ የተሠራ መሣሪያ።

ፈረንጆቹ ይህን ዓይነት ውጊያ «ሲጅ» ይሉታል። የቃሉ ጥንተ ሥር «መቀመጥ» ነው። አማርኛችን ግን የተነሣው ከቅርጹ ነው፦ ከበበ፣ ክበብ፣ አካባቢ። ለእኔ የፈረንጁ ሥር ነገሩን ይበልጥ ይገልጠዋል። ቀለበት መሥራት የአንድ ቀን ሥራ ነው፤ ጭንቁ ከዚያ በኋላ ያለው መቀመጥ ነው። ከበባ ማለት ጦር ይዞ ደጅ መጥናት ነው ብንል ብዙ አንሳሳትም።

መቀሌን እንይ። በ1888 ዓ.ም.፣ ከዓድዋ ጥቂት ሳምንታት በፊት፣ የኢጣሊያው ሻለቃ ጋሊያኖ ከሺህ የሚበልጥ ወታደር ይዞ እንዳ ኢየሱስ ላይ መሽጓል። የምኒልክ ሠራዊት በግንቡ ላይ ደጋግሞ ቢወረወርም ሰው አለቀ እንጂ ምሽጉ አልተሰበረም። ምንጮቹ ግን ከግንቡ ውጭ ነበሩ። በእቴጌ ጣይቱ ምክር ውኃው ተያዘ። ምሽጉ ውስጥ ጥይት ነበረ፤ የጎደለው የሚጠጣ ነው። ከሁለት ሳምንት ያህል በኋላ ጋሊያኖ እጁን ሰጠ፤ ምኒልክም ከነመሣሪያው እንዲወጣ ፈቀዱለት። ቀለበቱን ከበባ ያደረጉት እነዚያ ምንጮች ናቸው።

«መቅደላ ተከበበች» ሲባል ግን ቃሉ ያለ ቦታው ገብቷል። የእንግሊዙ ጄኔራል የናፒየር ጦር ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም. እሮጌ ላይ ከቴዎድሮስ ሠራዊት ጋር ተዋጋ፣ ሚያዝያ 6 አምባውን ጥሶ ገባ። ውኃ እስኪያልቅ፣ እህል እስኪነጥፍ የጠበቀ የለም። ይህ ጥሶ መግባት ነው።

ቴዎድሮስ ደብረ ታቦርን አቃጥለው ሲነሡ ያን ከባድ መድፍ ገደል እያስናዱ፣ መንገድ እያስጠረጉ ስድስት ወር ያህል በሰው ጉልበት አስጎትተው መቅደላ አድርሰውት ነበር። ዛሬም እዚያው ተቀምጧል።